የዳኛው ክላርኔት

ክላርኔቱ ተፈታትቶ በሥራ ጠረጴዛው ላይ ከተኛ ዛሬ አሥራ ስድስተኛ ቀኑ ነው። በክር የታሰረበት የሥራ ካርድ ሁለት ትእዛዝ ተጽፎበታል። የመጀመሪያው በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ፋርማሲ ካልሆነ ማንም በማያነበው የሐኪም ጽሕፈት፣ «ሙሉ በሙሉ ይታደስ» ይላል። ሁለተኛው በቀይ፣ ቀጥ ባለ ጽሕፈት፣ «እንዳይነካ» ይላል። የመጀመሪያውን የጻፈው ልጅ ነው። ሁለተኛውን የጻፉት እናት ናቸው። በሁለቱ መሐል ያለችው ካቻቢቴ ይዛ ቆማለች።

ስሟን የሚጠራት የለም። ፎቅ ላይ ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች «ፒንሳ» ይሏታል፤ የተጣበቀ የትራምፔት አፍ ያለ እሷ የሚያላቅቅ ስለሌለ። ከአባቷ የወረሰችው ከደረጃው ሥር ያለችውን ይህችን ጠባብ ክፍል፣ አንድ ብረት የሚነክስ ሞርሳ፣ ቁጥሩን የማታውቀው ሞረድና አንድ ሕግ ነው። ሕጉ «ዕቃ ከፍተሽ ያየሽው ነገር የባለቤቱ ነው፤ ያንቺ አይደለም» ይላል። አባቷ በዚህ ሕግ ምክንያት በከተማው ውስጥ ብዙ የሚያውቅና ምንም የማይናገር ሰው ሆኖ ኖረ።

ልጁ የጥርስ ሐኪም ነው፤ የሟቹ ዳኛ አንድያ ልጅ። ሰፈሩ «እሜቴ» የሚላቸውን እናቱን በስድሳኛ ልደታቸው ሊያስደንቅ፣ የአባቱን ክላርኔት ከመስታወቱ ቁም ሳጥን አውጥቶ አመጣው። አወጣው የምንለው ሰረቀው ላለማለት ነው። የመጣው ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ነበር። በሚቀጥለው ሐሙስ «ሥራው እንዴት ሆነ?» ብሎ መጣ። እንጨቱ ለዘመናት ደርቆ ስለነበር ገና ዘይት እየጠጣ ነው አለችው። በሦስተኛው ሐሙስ ስለ ሥራው ሳይጠይቅ ተቀመጠ። በአምስተኛው፣ በሩ አጠገብ የመሣሪያ ሳጥን ከፈይ የምታለብሰው አክስቷ «ይሄ ልጅ ጥርስ የሚነቅለው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። በስምንተኛው፣ ክላርኔቱ ዘይቱን ጠጥቶ ሊፈታ ሲል፣ «ፒንሳዬ» አላት። ሰው በብረታ ብረት ስም ተጠርቶ እንደዚያ ሲቀላ ታይቶ አይታወቅም።

እሜቴ ዘወትር ፊታቸውን የሚያዞሩበትን ቁም ሳጥን ባዶ ሆኖ ባዩ ቀን ሁለት ነገር አንድ ላይ አወቁ፤ ክላርኔቱ የት እንዳለና ልጃቸው ሐሙስ ሐሙስ የት እንደሚውል። ያሉት አጭር ነበር። «አንዱን መልስ፤ ሌላዋን ተው። የጡሩምባ ጠጋኝ ልጅ ቤቴ አትገባም።» የሥራ ካርዱን አስመጥተው በቀይ ጽፈው የመለሱባት ሠራተኛ ይህንንም ቃል ለፒንሳ አደረሰች። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ቀን፣ አንድ ባዶ ሐሙስም አለፈ። ሐኪሙ አልመጣም። የመጣው ደብዳቤው ነው።

ፒንሳ ደብዳቤውን ከሞርሳው ሥር አስቀምጣዋለች። በቃሏ ታውቀዋለች፤ ሆኖም አውጥታ ታነበዋለች።

«ፒንሳዬ፣

እናቴ ክላርኔቱ ሳይነካ ይመለስ ትላለች። እኔ ታድሶ ይጩህ እላለሁ። ውሳኔውን ላንቺ ትቼዋለሁ፤ ከሁለታችንም እጅ ያንቺ እጅ ያውቃል። እኔ የያዝኩት መሣሪያ ሰው ያስለቅሳል፤ አንቺ የያዝሽው ያዘፍናል።

ከመፍታትሽ በፊት መንፊያውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ነፊው ነክሶ በተዋቸው ሁለት የጥርስ ጉድጓዶች መሐል ክፍተት አለ። አባቴ ፍንጭት እንደነበረ አላውቅም ነበር። ጢሙ ትልቅ ነበር፤ ከንፈሩን እንኳ በደንብ ያየሁት አይመስለኝም። አሥር ዓመት የሰው አፍ ሳይ ኖሬ የአባቴን ሳላይ መቅረቴ አስለቀሰኝ።

ስለ ክላርኔቱ ወስኚ። ስለ እኛ ግን እኔ እስክመጣ አትወስኚ።»

«ቀን የለውም» አለች ፒንሳ።

«ምኑ?» አለች አክስቷ፣ ምን እንደሆነ እያወቀች።

«‹እስክመጣ› ይላል። መቼ እንደሚመጣ አይልም።»

«እስክመጣ ያለ ሁሉ መጥቶ ቢሆን ወንበር አይበቃንም ነበር» አለችና አክስቷ ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

ይህ ለቀልድ አይደለም። ከግድግዳው መደርደሪያ ላይ «መጥቼ እወስደዋለሁ» የተባለ ዋሽንት ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። አጠገቡ ያለው ሳክስፎን የባለቤቱን መልክ ቢረሳ አይፈረድበትም። ፒንሳ በየወሩ አቧራቸውን ትጠርጋለች። ባለቤት የረሳውን ዕቃ ማባበል ለምዳለች፤ ራሷን ከዚያ መደርደሪያ ላይ አድርጋ ስታስብ ግን ካቻቢቴው ከእጇ ወደቀ።

ከጠረጴዛው በላይ፣ ክላርኔቱ ጥንት ምን ይመስል እንደነበር እንድታይ ሐኪሙ ያመጣላት ፎቶ ተሰክቷል። ዳኛው ጢማቸውን አሹለው፣ ክላርኔቱን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ቀኝ እጃቸው ከላይ፣ ግራው ከታች። ክላርኔት የሚነፋ ሰው ግራው ነው ከላይ የሚሆነው፤ ይህን የማያውቅ ነፊ የለም። ፒንሳ ፎቶ አንሺው ገልብጦ አትሞታል ብላ አልፋዋለች። ያላለፈችው ሌላ ነገር ነው። ለቀኝ ትንሿ ጣት ከተሠሩት ቁልፎች አንዷ ላይ የብር ቅጥያ ተበይዶባታል፤ ጣቱ አጭር የሆነ ሰው እንዲደርስባት። የዳኛው ጣት በፎቶው ላይ እንደሚታየው በር ሊከረችም የሚችል ነው። ሙሉ በሙሉ ይታደስ ከተባለ ቅጥያዋ ትቆረጣለች፤ የጥርሱም ምልክት ይሞላል። እንዳይነካ ከተባለ ደግሞ እንጨቱ ላይ ያለው ስንጥቅ እስከ ታች ይወርድና ክላርኔቱ ለዘላለም ዲዳ ይሆናል። ሁለቱም ትእዛዝ አንድ ሰው የሚገድል መሰላት። ያ ሰው ማን እንደሆነ ግን አላወቀችም፤ አለማወቋም እንደ ጥርስ ሕመም ይነዘንዛት ነበር።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ እሜቴ ራሳቸው መጡ።

አክስት ተነሥታ የወንበሯን አቧራ አራገፈችላቸው። እሜቴ ወንበሩን አዩትና ቆሙ።

«ፒንሳ የምትባዪው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እሜቴ።»

«ወላጆችሽ ያወጡልሽ ስም የለም?»

«አለ። እሱን የሚያውቁት መታወቂያዬና አክስቴ ናቸው።»

«መታወቂያዋም ረስቶታል» አለች አክስት።

እሜቴ አልሳቁም። ሊስቁ ግን ከንፈራቸው ተከፍቶ ነበር፤ ወዲያው በመዳፋቸው ሸፈኑት። መዳፉ ትንሽ ዘገየ። ፒንሳ ከፊት ያሉትን ሁለት ጥርሶች አየች። በመሐላቸው ክፍተት ነበር።

«የባለቤቴን ዕቃ ልወስድ ነው የመጣሁት» አሉ እሜቴ። «እንዲህ ነው እንዴ የሰው ንብረት እንደ ልብስ የሚሰጣው?»

«ገጥሜ ልስጥዎት።»

«እጄ አልተቆረጠም።»

ሁለቱን ዋና ዘንጎች አነሡ። አሁን አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በሁለቱ ዘንጎች መጋጠሚያ ላይ የላይኛውን ቁልፍ ከታችኛው ጋር የምታገናኝ፣ ምላስ የመሰለች ቀጭን ብረት አለች። የማያውቅ ሰው ዘንጎቹን ሲያጋጥም ያጣምማታል። ፒንሳ በሕይወቷ ካከመችው ክላርኔት ግማሹ የዚህች ምላስ በሽተኛ ነው። እሜቴ ግን ዓይናቸውን ከግድግዳው ፎቶ ሳይነቅሉ፣ በግራ እጃቸው የላይኛውን ቀለበት ጫን አደረጉት። ምላሷ ተነሣች። ዘንጎቹ ገጠሙ። ቀኝ አውራ ጣታቸው ከሥር ያለው መደገፊያ ውስጥ፣ እግር የቤት ጫማ ውስጥ እንደሚገባው፣ ዝም ብሎ ገባ። አጭሯ ጣት ቅጥያዋ ላይ አረፈች። ልክ ነበረች።

ያ ሰው ማን እንደሆነ ፒንሳ አሁን አወቀች።

አሁን ፒንሳ አንድ ቃል ብቻ ይበቃት ነበር። «የጡሩምባ ጠጋኝ ልጅ» ላሏት ሴት «እርስዎስ?» ማለት ብቻ። ወይም ለሐኪሙ ሁለት መስመር መጻፍ፤ እስከ ማታ ደጇ ላይ ይገኝ ነበር። አባቷ ግን ከሞርሳው በኩል የሚያያት መሰላት።

«እሜቴ» አለች፣ ድምፅዋን እንደ ሥራ ድምፅ አድርጋ። «ሳይወስዱት ሁለት ነገር ልጠይቅዎ፤ በካርዱ ላይ እንዲጻፍ። ይህች ቁልፍ ቅጥያ አላት። ይታደስ ከተባለ መቁረጥ አለብኝ። ትቆረጥ ወይስ ትቆይ?»

«ትቆይ!» አሉ እሜቴ፤ ከዚያ ቀስ ብለው «ባለቤቴ ይወዳት ነበር» አሉ።

«ትቆያለች። መንፊያው ላይ ያለውስ የጥርስ ምልክት? ልጅዎ ‹የአባቴ ጥርስ ነው፤ አሥር ዓመት የሰው አፍ አይቼ የእሱን አላየሁም› ይላል።»

«የአባቴ?» እሜቴ እጃቸው ክላርኔቱ ላይ ጠበቀ። «አንቺስ ምን አልሽው?»

«ምንም። ከፍቼ ያየሁት የባለቤቱ ነው።»

እሜቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን በደንብ አዩት። ከዚያም እምቢ ብለውት በነበረው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ። ይህችን ቅጥያ የበየዳትም እሱ ነው፤ ከጫፏ ምስር የምታህል ጉብታ ይተው ነበር። አውቃታለሁ።»

«ለማን እንደበየዳት ነግሮሽ ነበር?»

«አልነገረኝም።»

«ሊሞት ሲልም?»

«ሊሞት ሲል የተናገረው ስለ ሞርሳው ነው። ዘይት ቀቢው አለኝ።»

እሜቴ ሳቁ። መዳፋቸውን ረስተውት ሳቁ፤ ፍንጭታቸው እንደ ተከፈተ መስኮት ታየ። ሳቁ ሳያልቅ እንባው መጣ። አክስት ከፈዩን አስቀምጣ ንጹህ ጨርቅ አቀበለቻቸው። የነሐስ መወልወያ ነበር።

«የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ» አሉ እሜቴ። «እዚህ ፎቅ ላይ ከወንዶቹ ጋር እነፋ ነበር። ሙሽራ ሆኜ ስገባ አማቴ በሩ ላይ ቆሙና ‹ወይ እሷ ትግባ ወይ ያ እንጨት› አሉ። እኔ እንጨቱን ልጥለው ነበር። ዳኛው ከእጄ ነጠቀኝ። ‹የኔ ነው› አለ። ፉጨት እንኳ የማይችል ሰው! ‹ከተማሪነቴ ጀምሮ የምነፋው የኔ ነው። የወንድ ልጅ ዕቃ ማን አባቱ ነው የሚጥለው?› በማግስቱ ሄዶ ፎቶ ተነሣበት። አያያዙን እዪው፤ እጁን ገልብጦ! ስንት እንግዳ ሳሎናችን ተቀምጦ ሲያየው ኖረ፣ አንድ ሰው አላወቀበትም።»

«እኔም ፎቶ አንሺውን ነበር የማማው» አለች ፒንሳ።

«አማቴ ሲሞቱ ላወጣው አሰብኩ። ግን ውሸቱ አርጅቶ ነበር። ያረጀ ውሸት እንደ ሽማግሌ ነው፤ ተነሥ የሚለው የለም።» አፍንጫቸውን በነሐስ መወልወያው ጠረጉ። «‹ሌላዋን ተው› ያልኩት ንቄሽ መሰለሽ?»

«አዎ።»

«ደግ አደረግሽ አለመዋሸትሽ። በዚያን ቀን ንቄሽ ነበር፤ አማቴ ከመቃብር ተነሥተው በአፌ የተናገሩ መሰለኝ። በማግስቱ ግን ፈራሁልሽ። ያ ቤት ሰው ዝም ያሰኛል። ልጄ እንደ አባቱ ‹የኔ ነው› ማለት ይችል እንደሆን አላውቅም ነበር።»

የፒንሳ ዓይን «አሁንስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ይኸው አሥራ ሁለት ቀን በየጠዋቱ ፊቴ ይቆማል። ‹እማዬ፣ የኔ ናት› ይለኛል። ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። እንደ ኪኒን ነው፣ በባዶ ሆድ። ሂድና ንገራታ ስለው ‹አይሆንም፤ ክላርኔት ሰርቄ የሆነውን አይቻለሁ፤ እሷን በስርቆት አልወዳትም› አለኝ።»

ፒንሳ ወደ ሞርሳው ዞረች። የዘይቱን ጠርሙስ ፈልጋ አገኘችና ብሎኑን ትቀባ ጀመር። ሞርሳው ትናንት ተቀብቷል፤ ዘይት አላስፈለገውም ነበር። እሷ ግን ፊቷን የምታዞርበት ሌላ ቦታ ክፍሉ ውስጥ አልነበራትም።

«ይጮሃል?» አሉ እሜቴ ከኋላዋ።

«ስንጥቁን እሰፋዋለሁ። ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት ትራሶች እንደ ደረቅ ቆዳ ሆነዋል፤ ሁሉም ይቀየራሉ። ቡሹም። ጥርሱንና ቅጥያዋን አልነካም።»

«ታዲያ ታደሰ ነው የሚባለው ወይስ አልታደሰም?»

ፒንሳ ዞረች። «አየር የሚያሾልከው ይታደሳል። እርስዎን የሚያውቀው ይቆያል።»

እሜቴ ካርዱን ሳቡ፤ ከቦርሳቸው ቀዩን እስክሪብቶ አውጥተው «እንዳይነካ» ያሉትን በአንድ መስመር ሰረዙት። ከሥሩ «ሐሙስ፣ እኩለ ቀን» ብለው ጻፉ። ፒንሳ በቀይ ቀለም የተጻፈ ነገር እንደዚያ ሲያምር አይታ አታውቅም።

ሐሙስ ዕለት ሐኪሙ ክራቫት አስሮ መጣ። እናቱ ጠዋት ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ «ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ደኅና ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ሂድና ያን ዕቃ ተረከብ» ብለውት ነበር። ዕቃ ተረከብ የተባለ ሰው ክራቫት አያስፈልገውም፤ እሱ ግን ሦስት ቀይሮ ነው የመጣው።

አክስት ደረጃው ላይ ተቀምጣ መንገድ ዘጋችበት።

«ቁጭ በል።»

«ልግባ እንጂ እታለም፤ ቀጠሮ አለኝ።»

«ቀጠሮውማ ሰባት ቀን ዘግይቷል። ቁጭ በል አልኩህ።»

ተቀመጠ። ከውስጥ የመጀመሪያው ድምፅ ወጣ። ከዳክዬ የወጣ ይመስል ነበር። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሸሸ ይመስል ነበር። ከዚያ ጸጥታ ሆነ፤ አንድ ሰው የመንፊያውን ሸምበቆ በምላሱ እያረጠበ፣ ትንፋሹን ከሆዱ እየፈለገ ነበር። ሦስተኛው ድምፅ ከታች ተነሣ። ወፍራም፣ ጨለም ያለ፣ ከጓዳ እንደሚወጣ የጎልማሳ ሳቅ ያለ። ወደ ላይ ሲወጣ ቀጠነ፤ ቀጥኖ ሊሰበር ነው ሲባል ሳይሰበር ቀረና እዚያው ከፍታ ላይ ቆሞ ተንቀጠቀጠ። ፎቅ ላይ የነበረው ፒያኖ አቆመ። ደረጃ የሚወርዱ ሁለት ተማሪዎች እግራቸውን አየር ላይ እንዳንጠለጠሉ ቀሩ። ዜማው ቀላል ነበር፤ የሚነፋው ሰው አንዳንድ ቦታ ይሳሳታል፣ ይመለሳል፣ የረሳውን ቤት በር እንደሚያንኳኳ ሰው ደግሞ ይሞክራል። በሩ በየተራ ይከፈትለት ነበር።

«መንፋት ትችላለች እንዴ?» አለ ሐኪሙ በሹክሹክታ።

«ማን፣ እሷ? እሷ የምትነፋው ለሙከራ ነው። ይሄ የሚያውቅ ሰው ነው። ጥርስህን ግጠምና ስማ!»

ዜማው ሲያልቅ አክስት ጉልበቷን ሰበሰበችለት። በሩን ከፈተ።

ፒንሳን ነው መጀመሪያ ያያት። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች፤ ዓይኗ ርሷል። ወደ እሱ ስታይ ያ ሁሉ ቀን ፊቷ ላይ አልነበረም። እሱ ሊላት ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ከክራቫቱ ጋር የተመረጠ። ሳይጀምረው ዓይኗን ተከትሎ ወደ ወንበሩ ዞረ።

እናቱ ጉንጫቸው ቀልቶ፣ ጸጉራቸው ግንባራቸው ላይ ወድቆ፣ ክላርኔቱን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ሐኪሙ መንፊያውን አየ። የእናቱን ጥርስ አየ። ደግሞ መንፊያውን አየ።

«እማዬ... ፍንጭቱ...»

«አሥር ዓመት የሰው አፍ አይቻለሁ ትላለህ አሉ» አሉ እሜቴ። «እናት አፍ ያላት አልመሰለህም?»

በሙያው እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። መሬቱ ላይ፣ የእንጨት ብናኙ መሐል በጉልበቱ ተቀመጠ፤ እናቱም ራሱን እየዳበሱ የሠላሳ ስምንት ዓመቱን ነገር በጥቂት ቃል ነገሩት። በሩ ላይ የቆሙትን አማት፣ የተነጠቀውን እንጨት፣ ፎቶውን።

«ታዲያ የአባቴ አይደለም ማለት ነው?» አለ፣ እንደ ልጅ።

«የአባትህ ነው እንጂ። ነፋሁት እንጂ እኔ መቼ ያዝኩት? የያዘልኝ እሱ ነው።» ክላርኔቱን ዘረጉለት። «እንካ፤ አንተም ያዝ እስቲ። ልይህ።»

ተነሥቶ ተቀበላቸው። ከእናቱ ጥርስ በቀር ስለ ክላርኔት የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ያንንም ተሳስቶ ነው ያወቀው። ደረቱ ላይ አስጠጋው። ቀኝ እጁ ከላይ፣ ግራው ከታች ሆነ።

እሜቴ አንድ ጊዜ ወደ ግድግዳው ፎቶ፣ አንድ ጊዜ ወደ ልጃቸው አዩና አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። በዚህ ጊዜ ጥርሳቸውን ለመደበቅ አልነበረም።

ፒንሳ የሙያ ነገር ሆኖባት እጁን ልታስተካክል ተራመደች። ጣቶቿ ጣቶቹ ላይ አረፉ። ዘይትና ቡሽ ይሸቱ ነበር፤ እሱ ዓይኑን ጨፈነ።

«የኔ ናት፣ እማዬ» አለ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

«ገልብጦ ነው እኮ የያዘው» አለች አክስት ከበሩ።

«አውቃለሁ» አለች ፒንሳ። እጇን አላነሣችም። እጁንም አላስተካከለችውም።